«ቬኬት» የተሰኘው የእንግሊዝኛ ግሥ ምንጭና ፍች፤ «ለአንድ ቃል አንድ ፍች» በሚለው ልማዳችን ላይ የቀረበ ሂስ

መግቢያ

በእንግሊዝኛ መማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከየምንባቡ ግርጌ ወይም ከመጽሐፉ መጨረሻ የሚቀርበው የቃላት ዝርዝር ለተማሪውም ሆነ ለመምህሩ ጥቅም እንዳለው አይካድም። ዝርዝሩ በግራ በኩል የእንግሊዝኛውን ቃል፣ በቀኝ በኩል ደግሞ የአማርኛ ፍቹን ወይም በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈ አቻውን ይይዛል። ተማሪው ዝርዝሩን በደብተሩ ይገለብጣል፤ በቃሉ ያጠናል፤ ሲጠየቅም ይመልሳል። መምህሩም ተማሪው እንደ መለሰ አይቶ ቃሉ ታወቀ ብሎ ወደሚቀጥለው ምዕራፍ ያልፋል። ይሁን እንጂ ተማሪው ያወቀው ቃሉን ነው ወይስ የቃሉን አንድ ጥግ ብቻ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን ጥያቄ በአንድ ቃል ምሳሌነት መመርመር ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠው «ቬኬት» የተባለው ግሥ ነው። ይህን ቃል ለመምረጥ ያነሣሣኝ ምክንያት ግን የቋንቋ ጥናት ብቻ አይደለም። ከዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ በፊት፣ ገና ጀማሪ የእንግሊዝኛ መምህር ሳለሁ፣ አንዲት በዕድሜ የገፉ ጎረቤታችን አንድ ወረቀት ይዘው ወደ ቤታችን መጡ። ወረቀቱ በአሜሪካ የሚኖረው ልጃቸው፣ ከመንገደኛ ጋር ከተላከ ዕቃ መካከል፣ እንዲቀመጥለት የላከው የፍርድ ቤት ውሳኔ ግልባጭ ነበር። «ልጄ፣ አንተ የቋንቋው አስተማሪ አይደለህ? ምን እንደሚል አንብብልኝ» አሉኝ። በወረቀቱ ላይ ልጃቸው ከአገር እንዲወጣ ቀደም ሲል የተሰጠ ትእዛዝ ተጠቅሷል፤ ከትእዛዙ ቀጥሎም «ቬኬትድ» የሚል ቃል ተጽፏል። እኔ በተማሪነቴ ያጠናሁት ፍች አንድ ነው፤ እርሱም «ለቀቀ፣ ለቆ ወጣ» የሚለው ነው። ስለዚህ ያለ ምንም ጥርጥር «እማማ፣ አገሩን ለቆ እንዲወጣ ታዟል» አልኋቸው። ሴትዮዋ አራት ቀን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ አለቀሱ ለማለት ይቻላል። በአምስተኛው ቀን ልጃቸው ስልክ ደውሎ እውነቱን ነገራቸው። ትእዛዙ ተሽሯል፤ ልጁ በአገሩ እንዲቀመጥ ተፈቅዶለታል። እኔ የሐዘን መርዶ አድርጌ ያነበብሁት ወረቀት የምሥራች ኖሯል።

ሴትዮዋ ይቅር ብለውኛል። ነገር ግን ያጠናሁት ፍች ሐሰት እንዳልነበረ ባሰብሁ ቁጥር ጥያቄው ይበልጥ ይከብደኛል። «ቬኬት» በእርግጥም «ለቀቀ» ማለት ነው። ስሕተቱ የመጣው ከሐሰተኛ ፍች ሳይሆን ከጎደለ ፍች ነው። እንዲህ ያለውን ጉድለት ለማረም ደግሞ ከቃሉ ሥር መነሣት ያስፈልጋል።

ሀ. የቃሉ ምንጭ

ቃሉ ከላቲን የመጣ ነው። በላቲን «ቫካሬ» የሚባል ግሥ አለ። የመጀመሪያ ፍቹ «ባዶ መሆን» ሲሆን፣ ከዚህ ተነሥቶ «ከአንድ ነገር ነጻ መሆን»፣ ቀጥሎም «ሥራ ፈትቶ ጊዜ ማግኘት» ወደሚሉት ፍቾች ተስፋፍቷል። ሦስቱ ፍቾች ሲታዩ የተራራቁ ይምሰሉ እንጂ የሚያያይዛቸው አንድ ሐሳብ አላቸው፤ ቤት ሰው ከሌለበት ባዶ ነው፤ ሰው ግዴታ ከሌለበት ነጻ ነው፤ ቀን ሥራ ከሌለበት ዕረፍት ነው። ሮማውያን አንድ ሰው ከውትድርና አገልግሎት ነጻ ሲደረግ የሚሰጡት ስም ከዚሁ ግሥ የወጣ ነበር።

ከዚህ ሥር የበቀሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ብዙ ናቸው። «ቬካንት» ያልተያዘ፣ ባዶ የሆነ ማለት ነው። «ቬካንሲ» ሰው ያልተቀመጠበት የሥራ መደብ ሲሆን፣ እኛም በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ «ክፍት የሥራ ቦታ» ብለን የምንጽፈው ነው። «ቫኬሽን» በመጀመሪያ ከሥራ ነጻ የመሆን ጊዜ ሲሆን፣ በእንግሊዝ አገር ፍርድ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ለሚዘጉባቸው ወራት መጠሪያ ሆኖ ቆይቷል፤ በአሜሪካ ደግሞ ለማንኛውም የዕረፍት ጊዜ የሚነገር ቃል ነው። በፊዚክስ ትምህርት የምናገኘው «ቫኪዩም» አየር እንኳ የሌለበትን ባዶ ቦታ ያመለክታል። «ኢቫኩዌት» የተባለው ግሥ ደግሞ ሰውን ከአደጋ ሥፍራ አውጥቶ ሥፍራውን ባዶ ማድረግን ይገልጻል።

በፈረንሳይኛ በኩል ዞረው የመጡ፣ መልካቸውን የለወጡ ዘመዶችም አሉ። «ቮይድ» የሚለው ቃል፣ ማለትም ባዶ ወይም በሕግ ዋጋ የሌለው፣ የዚሁ ቤተ ሰብ አባል ነው። ዛሬ «ሸሸ፣ ራቀ» ተብሎ የሚተረጎመው «አቮይድ» እንኳ ቀድሞ «ባዶ አደረገ» የሚል ፍች ነበረው፤ በእንግሊዝኛ የውል ሕግ ውስጥ እስከ ዛሬ ድረስ ውልን ማፍረስ በዚህ ግሥ ይነገራል። እንግዲህ ባዶነትና መሻር በዚህ የቃላት ቤተ ሰብ ውስጥ ተነጣጥለው የሚኖሩ ሐሳቦች አይደሉም።

«ቬኬት» ራሱ በእንግሊዝኛ ውስጥ መሠራት የጀመረው በ17ኛው ምዕተ ዓመት ነው። እዚህ ላይ አንባብያን በተለይ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ነገር አለ። ቃሉ ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ መጀመሪያ የያዘው ፍች የሕግ ፍች፣ ማለትም «ዋጋ አሳጣ፣ ሻረ» የሚለው ነው። ቤትን ወይም ሥፍራን ለቆ መሄድ የሚለው ፍች ኋላ የተከተለ ነው። ሳሙኤል ጆንሰን በ1755 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ዝነኛ መዝገበ ቃላትም መሻር የሚለውን ፍች አስቀድሞ፣ ይዞታን መልቀቅ የሚለውን አስከትሎ ነው የመዘገበው። ስለዚህ የእኛ የቃላት ዝርዝሮች ብቸኛ አድርገው የሚያቀርቡት ፍች በታሪክ ሲታይ ታናሹ ነው፤ ጭራሽ የሚዘነጉት ደግሞ በኵሩ ነው።

ለ. «ዙፋኑ ባዶ ነው» ወይስ «ባዶ አይደለም»?

የቃሉ ምንጭ የሆነው የባዶነት ሐሳብ የቃላት አዋቂዎች ጨዋታ ብቻ ሳይሆን የመንግሥት ጉዳይም ሆኖ እንደነበር የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። በ1688 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የእንግሊዝ ንጉሥ ዳግማዊ ጄምስ አገሩን ጥሎ ወደ ፈረንሳይ ሸሸ። በጥር ወር 1689 እ.ኤ.አ. የተሰበሰበው የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት ንጉሡ መንግሥቱን እንደተወና በዚህም ምክንያት ዙፋኑ ባዶ እንደሆነ የሚገልጽ ውሳኔ አሳለፈ። ለባዶነቱ የተጠቀመበት ቃል «ቬካንት» የሚለው፣ የግሣችን እኅት የሆነው ቅጽል ነበር።

የመኳንንቱ ምክር ቤት ግን ሁለት ቃላት ላይ ተቃውሞ አነሣ። አንደኛ፣ ንጉሡ «ሥልጣኑን ተወ» ከሚለው ይልቅ «ጥሎ ሄደ» የሚለው ይሻላል አለ። ሁለተኛ፣ ዙፋኑ ባዶ ሆነ የሚለውን ሐረግ አልቀበልም አለ። የተቃውሞው ምክንያት ግልጽ ነው። ዘውድ በዘር የሚወረስ ከሆነ አንዱ ሲለቅ በዚያው ቅጽበት ወራሹ ይተካልና ዙፋን ለአንዲት ሰዓት እንኳ ባዶ ሊሆን አይችልም። ባዶ ነው ከተባለ ግን የሚሞላው ሰው መመረጥ አለበት፤ ንጉሥም በምርጫ የሚሾም ይሆናል ማለት ነው። ሁለቱ ምክር ቤቶች ከተከራከሩ በኋላ መኳንንቱ በየካቲት መጀመሪያ ተሸነፉ፤ ዘውዱም ለዊልያምና ለሜሪ ተሰጠ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁበት ምክንያት አንድ ነው። ክርክሩ «ሰውየው ሄዷል ወይ?» የሚል አልነበረም፤ መሄዱንማ ሁሉም ያውቃል። ክርክሩ «የተቀመጠበት ሥፍራ አሁን ምን ሆኗል?» የሚል ነበር። የ«ቬኬት» ቤተ ሰብ ከ«ሊቭ» የሚለይበት ቁም ነገርም ይኸው ነው። «ሊቭ» የሚሄደውን ሰው ይከተላል፤ «ቬኬት» ግን ሰውየው ከሄደ በኋላ የቀረውን ባዶ ሥፍራ ዞሮ ይመለከታል።

ሐ. ሦስቱ ፍቾች

በዛሬው እንግሊዝኛ የቃሉ አገባብ በሦስት ክፍል ሊመደብ ይችላል።

1ኛ. ቤትን፣ ክፍልን ወይም ሥፍራን መልቀቅ። ተከራይ ቤቱን፣ እንግዳ የሆቴል ክፍሉን፣ መሥሪያ ቤት ሕንጻውን ሲለቅ ይህ ግሥ ይነገራል። ከተራው «ሊቭ» የሚለይበት አንዱ ነገር መደበኛነቱ ነው። ሌላው ደግሞ ሥፍራው ለሌላ ሰው እንዲውል ነጻ መሆን ያለበት መሆኑ ነው። ስለዚህ አንድ ተማሪ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ ቤቱን «ቬኬት» አደረገ አይባልም፤ ማታ ይመለሳልና። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ከአከራይ የሚደርሳቸው «ቤቱን ልቀቅ» የሚል ማስጠንቀቂያ በዚህ ግሥ የሚጻፍ ስለሆነ፣ ቃሉን በዚህ ፍቹ ማወቅ ራሱን የቻለ ጥቅም አለው።

2ኛ. መንበርን፣ ሹመትን ወይም ማዕረግን ባዶ ማድረግ። ባለሥልጣን በፈቃዱ ሲሰናበት መንበሩን «ቬኬት» አደረገ ይባላል። የቡጢ ተጋጣሚ ሻምፒዮናነቱን ሳይሸነፍ ሲተው እንዲሁ ይባላል፤ ቀበቶው ባለቤት እስኪያገኝ ድረስ ባዶ ሆኖ ይቆያል። ነገር ግን ድርጊቱን የሚፈጽመው ሁልጊዜ ባለመንበሩ አይደለም። በጥቅምት 3 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ኬቨን ማካርቲ በ216 ድምፅ ለ210 ከመንበራቸው ተነሥተዋል። በዚያ ምክር ቤት ታሪክ አንድ አፈ ጉባኤ በዚህ ዓይነት ሲነሣ የመጀመሪያው ነበር። አሠራሩ በተለምዶ የሚጠራው በዚሁ ግሥ ሲሆን፣ ውሳኔው ያወጀውም የአፈ ጉባኤው መንበር ባዶ መሆኑን ነው። ሰውየው ግን የምክር ቤቱ አባል እንደሆኑ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ቆይተዋል። «ቬኬት» ማለት «ሄደ» ብቻ ነው ብሎ ያጠና ተማሪ ይህን ዜና ቢያነብ ሰውየው ከምክር ቤቱ የወጡ ይመስለዋል። ባዶ የሆነው ግን መንበሩ እንጂ የአባልነታቸው ወንበር አልነበረም።

3ኛ. ፍርድን፣ ትእዛዝን ወይም ውሳኔን መሻር። ይህ የቃሉ ጥንታዊ ፍች ሲሆን፣ ዛሬ በተለይ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች የዕለት ተዕለት ቃል ነው። በእንግሊዝ ለዚህ ተግባር ሌሎች ቃላት ይዘወተራሉ፤ ሆኖም ለችሎት የተቀጠረ ቀን ሲሰረዝ ቀኑ «ቬኬትድ» ሆነ ይባላል። እዚህ ላይ ሊጤን የሚገባው ረቂቅ ልዩነት አለ። የበላይ ፍርድ ቤት የበታቹን ፍርድ «ገለበጠ» ሲባል ረቺ የነበረው ተረታ ማለት ይሆናል። «ቬኬት» አደረገ ሲባል ግን ፍርዱ ዋጋ አጣ፣ እንዳልተሰጠ ተቆጠረ ማለት እንጂ ሌላው ወገን ረታ ማለት አይደለም። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የበታች ፍርድ ቤትን ፍርድ ሽሮ እንደገና እንዲታይ ወደ መጣበት ሲመልስ የሚጠቀምበት ቃል ይኸው ነው። የፍርዱ ሥፍራ ባዶ ሆኗል፤ ምን እንደሚሞላው ገና አልታወቀም። የላቲኑ ሥር አሁንም በሕይወት አለ ማለት ነው።

መ. አማርኛው ነገሩን በምን ዐይን ያየዋል?

አንድን የውጭ ቃል በሚገባ ለማስተማር የራስን ቋንቋ በሚገባ መመርመር ያስፈልጋል። አማርኛ ለመጀመሪያው ፍች «ለቀቀ» የሚል ግሥ አለው። ይህ ግሥ ሰፊ ነው፤ ተከራይ ቤት ይለቃል፤ ሠራተኛ ሥራ ይለቃል፤ ፖሊስ እስረኛ ይለቃል፤ ገበሬ ውሃ ወደ መስኖው ይለቃል፤ ጨርቅ ሲታጠብ ቀለሙ ይለቃል፤ የታመመውንም ትኩሳቱ ይለቀዋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ሥዕል የተያዘ ነገር ከያዘው መላቀቁ ነው። አማርኛው የሚያየው እጅን ነው፤ እንግሊዝኛው የሚያየው ሥፍራን ነው። ድርጊቱ አንድ ቢሆንም ዕይታው ይለያያል። «ለቀቀ» ወደ ፍርድና ትእዛዝ ሊሻገር የማይችለውም በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ዳኛ ፍርድን «ለቀቀ» ቢባል በአማርኛ ትርጉም አይሰጥም። ሥፍራን ባዶ የማድረግ ሐሳብ ግን ከቤት ወደ መንበር፣ ከመንበር ወደ ፍርድ ያለ ችግር ይሻገራል።

ለሦስተኛው ፍች አማርኛ ባለጸጋ ነው። «ሻረ» የሚለው ግሥ ከግዕዙ «ሰዐረ» የተወለደ ነው። ሹምን ከሹመቱ ማውረድም፣ አዋጅን ዋጋ ማሳጣትም፣ ሰንበትን ማፍረስም በእርሱ ይነገራል። «ሹም ሽር» የምንለውም ከዚሁ ነው። በይግባኝ ጊዜ «የሥር ፍርድ ቤት ውሳኔ ተሽሯል» ሲባል እንግሊዝኛው በሁለት ግሦች የሚለያቸውን፣ መገልበጥንና ባዶ ማድረግን፣ አማርኛው በአንድ ቃል ሊያጠቃልላቸው ይችላል። ስለዚህ ተርጓሚው «ተሽሯል» ብሎ ማቆም ሳይሆን ጉዳዩ እንደገና ይታያል ወይስ አበቃ የሚለውን መጨመር ይኖርበታል።

ከ«ሻረ» ሌላ ውል «ይፈርሳል»፤ ክስ «ውድቅ ይሆናል»፤ ቀጠሮ «ይሰረዛል»። ልብ ብለን ስናይ እያንዳንዱ የራሱ ሥዕል አለው። ውል እንደ ቤት ይፈርሳል፤ ክስ ቆሞ እንደነበረ ነገር ይወድቃል። «ሰረዘ» የሚለው ደግሞ በጽሑፍ ላይ መሥመር ማስመርን ያስታውሳል፤ «ሰረዝ» ብለን የምንጠራው ምልክት ምስክር ነው። የሚያስደንቀው፣ የእንግሊዝኛው «ካንስል» ከላቲን የመጣው እንዲሁ በጽሑፍ ላይ እንደ መስኮት ፍርግርግ የተጠላለፈ መሥመር አስምሮ ማጥፋት ከሚል ሐሳብ ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይመካከሩ በአንድ ሥዕል ተገናኝተዋል። በ«ቬኬት» ላይ ግን አልተገናኙም፤ ላቲኑ ባዶ ያደረገውን አማርኛው ያፈርሰዋል፣ ይጥለዋል፣ ይሽረዋል። ልዩነቱን ለተማሪው ማሳየት የመምህሩ ፋንታ ነው።

ባዶነቱንም የሚገልጽ ቃል አማርኛ አላጣም። ሰው የለቀቀው፣ ዝምታ የወረሰው ቤት «ወና» ይባላል። «ቬኬት» ማለት በመሠረቱ ወና ማድረግ ነው ብሎ የጀመረ መምህር፣ ቤት ወና ይሆናል፣ መንበር ወና ይሆናል፣ ፍርድም ዋጋው ወጥቶለት ወና ይሆናል ብሎ ሦስቱን ፍቾች በአንድ ክር ማሰር ይችላል። «ወና» ለፍርድ የሚነገር ቃል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ የማቀርበው ለትርጉም ሳይሆን ለማስረጃ ነው።

ሠ. የአያያዛችን ጉድለት

ከዚህ በላይ በተገለጸው መሠረት፣ ቃሉን «ለቀቀ» ወይም «ሊቭ» በሚል አንድ ፍች ብቻ ማቅረብ የሚያስከትላቸው ጉድለቶች አራት ናቸው።

አንደኛ፣ ተማሪው ፍቹ ሙሉ ነው ብሎ ያምናል። ቃሉን የማያውቅ ሰው መዝገበ ቃላት ይገልጣል፤ ያወቀ የመሰለው ሰው ግን አይገልጥም። እኔ በዚያች ዕለት መዝገበ ቃላት ያልገለጥሁት ከስንፍና ሳይሆን ከእርግጠኝነት የተነሣ ነው።

ሁለተኛ፣ ቃሉ ከተሳቢው ተነጥሎ ይሰጣል። «ቬኬት» ተሻጋሪ ግሥ ስለሆነ ፍቹን የሚወስነው ተሳቢው ነው፤ ቤት ከሆነ ለቀቀ፣ መንበር ከሆነ ባዶ አደረገ፣ ፍርድ ከሆነ ሻረ። በተለይ ግሡ በተደራጊ መልክ ሲመጣ አድራጊው ሊሰወር ስለሚችል፣ ያለው መመሪያ ባዶ የሆነው ነገር ብቻ ነው። የእኔም ስሕተት በዚሁ ላይ ነበር፤ «የተለቀቀው ምንድን ነው?» ብዬ ብጠይቅ ኖሮ መልሱ «ትእዛዙ» የሚል ስለሆነ ነገሩ ይገለጥልኝ ነበር። እኔ ግን ያልተጻፈውን ሰው ባለቤት አድርጌ ወረቀቱ የማይለውን አነበብሁ።

ሦስተኛ፣ የሰዋስው ስሕተት ይከተላል። ፍቹን «ወጣ» ብሎ ያጠና ተማሪ «ከቤቱ ወጣ» ከሚለው የአማርኛ ልማዱ ተነሥቶ በእንግሊዝኛው ላይ «ከ» የሚለውን መስተዋድድ ይጨምራል። «ቤቱን ለቀቀ» ብሎ ቢያጠና ግን የአማርኛው «ን» ተሳቢ መኖሩን ስለሚያሳየው ከስሕተቱ ይድናል። አንዲት ፊደል ይህን ያህል ታስተምራለች።

አራተኛ፣ የቃሉ ዘመዶች ይጠፋሉ። ተማሪው «ቫኪዩም» የሚለውን በፊዚክስ፣ «ቬካንሲ» የሚለውን በማስታወቂያ፣ «ቫኬሽን» የሚለውን በወሬ ያውቀዋል። ሦስት የሚያውቃቸው ቃላት አንድ አባት እንዳላቸው ስላልተነገረው አራተኛውን እንደ ባዕድ ይሸመድደዋል።

ለልማዱ የሚቀርበውን መከላከያም ሳልጠቅስ ማለፍ አይገባኝም። ባልደረቦቼ ደጋግመው እንደሚነግሩኝ ክፍለ ጊዜው አጭር፣ ተማሪው ብዙ ነው፤ በዚህ ላይ የአንድን ቃል ታሪክ መተንተን ቅንጦት ነው። ክርክሩ እውነት አለው። በታችኛው ደረጃ ለሚማር ሕፃን ሦስት ፍች በአንድ ጊዜ መስጠት ግራ ከማጋባት በቀር እንደማይጠቅም እኔም አምናለሁ። ደግሞም የቃል ምንጭ ራሱ ሊያሳስት ይችላል፤ ዛሬ ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ስለ ባዶነት አያስብም፤ የቃል ትርጉም የሚገኘው ከዛሬ አገልግሎቱ እንጂ ከአያቱ መቃብር አይደለም። ነገር ግን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው። ታሪክም፣ ሒሳብም፣ ሳይንስም በእርሱ ይሰጣል። በዚህ ደረጃ ያለ ተማሪ የቃሉን አንድ ጥግ ብቻ ይዞ ቢወጣ ጉዳቱ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አያበቃም።

መፍትሔውም አዲስ ግኝት የሚጠይቅ አይደለም። ማይክል ዌስት በ1953 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመሠረታዊ ቃላት ዝርዝር ላይ ቃላትን ብቻ ሳይሆን የየቃሉን ፍቾች ለያይቶ፣ እያንዳንዱ ፍች በንባብ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያጋጥም በመቶኛ አሳይቷል። በ1973 እ.ኤ.አ. የታተመው የቮልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት፣ ስሙም እንደሚገልጸው፣ ቃላቱን በአገባብ ውስጥ፣ ማለትም በዐረፍተ ነገር እያስገባ የሚፈታ ነው። መንገዱ ከተጠረገ ቆይቷል ማለት ነው፤ የቃላት ዝርዝሮቻችን ናቸው ያልሄዱበት።

ረ. የውሳኔ ሐሳብ

ከዚህ በመነሣት ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆችና ለመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የሚከተሉትን ሐሳቦች አቀርባለሁ።

1. በቃላት ዝርዝር ውስጥ ተሻጋሪ ግሥ ብቻውን አይጻፍ፤ ከተሳቢው ጋር ይጻፍ። «ቬኬት፤ ለቀቀ» ከማለት ይልቅ «ቤትን፤ ለቀቀ። መንበርን፤ ባዶ አደረገ። ፍርድን፤ ሻረ» ቢባል የሚጨምረው አንድ መሥመር ብቻ ነው።

2. በምንባቡ ውስጥ ያልመጣ ፍች ቢያንስ መኖሩ ይጠቆም። ተማሪው ሁሉንም እንዲያጠና አይገደድ፤ ነገር ግን ያወቀው ሁሉን እንዳልሆነ ይወቅ።

3. በመምህሩ መምሪያ ላይ የቃሉ ዘመዶች በአጭሩ ይዘርዘሩ። ተማሪው ከሚያውቀው «ቫኪዩም» ተነሥቶ ወደማያውቀው «ቬኬት» የሚደርስበት ድልድይ በሁለት ደቂቃ ሊሠራ ይችላል።

4. ፈተና የቃሉን ፍች ሳይሆን የቃሉን አገባብ ይጠይቅ። «ቤቱ ቬኬት ተደረገ» እና «ትእዛዙ ቬኬት ተደረገ» የሚሉ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ተሰጥተው፣ በየትኛው ሰው እንደ ወጣ፣ በየትኛው ሰው ሊቀመጥ እንደቻለ ተማሪው ቢጠየቅ፣ ሽምደዳ የማይመልሰው ጥያቄ ይሆናል።

5. በማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን በየሴሚስተሩ አንድ አንድ ቃል መርጠው እንዲህ ባለ መንገድ ከአማርኛው ጋር እያነጻጸሩ እንዲያጠኑ ይደረግ። በእኔ አስተያየት ይህ ልምምድ ከእንግሊዝኛው ባላነሰ የአማርኛ ዕውቀታቸውን ያዳብራል።

መደምደሚያ

አንድ ግሥ ላይ ይህን ያህል መጻፍ የበዛ የሚመስለው አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን በአገራችን የእንግሊዝኛ መምህር የክፍል ሰው ብቻ አይደለም። በሠፈሩ ደብዳቤ ተርጓሚ፣ የመድኃኒት ማዘዣ አንባቢ፣ የባዕድ አገር ፍርድ ቤት ወረቀት ፈቺ ነው። ጎረቤቶቹ የሚያምኑት «መምህር ነው» ብለው ነው። ያ መተማመን መምህሩ ከሚያውቀው በላይ ሊሆን ስለሚችል፣ መምህሩ የሚያውቀውንም የማያውቀውንም ለይቶ ማወቅ ግዴታው ይሆናል።

እኔ ያጠናሁት ዝርዝር «ቬኬት፤ ለቀቀ» ይል ነበር። ከጎኑ «ፍርድን፤ ሻረ» የሚሉ ሁለት ቃላት ቢጨመሩበት ኖሮ አንዲት እናት አራት ቀን ባላለቀሱ ነበር። የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ የሁለት ቃላት ቦታ ለመቆጠብ ሲያስብ፣ ያቺን እናት እንዲያስባቸው እጠይቃለሁ።